በቀን ሦስት ኩባያ

ጥቅምት 9

ለሚዛኗ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? አንቺ ከሰላምታው ስድቡን ስላስቀደምሽ እኔ ሰላምታውን ማስቀደሜ ትልቅነቴን እንድታዪው ነው። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽን የካምፓችሁ ሾፌር እንደ ልማዱ ሦስት ቀን ኪሱ ውስጥ ይዞት ሲዞር ነው የከረመው። ስለዚህ መልሱ ዘገየ ብለሽ እኔን አትርገሚ፤ እሱን ርገሚው፣ ለምዶታል።

የጠየቅሽኝን በተራ እመልሳለሁ፣ ካልመለስኩ እንደማትለቂኝ አውቃለሁ። አዎ፣ ትበላለች። አይ፣ እንደ ጎረቤት ልጆች አልወፈረችም። አንቺም በሰባት ዓመትሽ ነፋስ ይወስድሻል እየተባልሽ ነው ያደግሽው፤ ታዲያ ልጅሽ ከማን ትውጣ? «ጭራሮ» የምላትም ለዚሁ ነው። አትቆጪ፣ እሷ ስሙን ወዳዋለች፤ ደብተሯ ላይ ሳይቀር ጽፋዋለች።

የወርክሾፑ ነገር እንደማልኩልሽ ነው። ልጅሽን ለእኔ ትተሽ ወደ መንገድ ሥራው ካምፕ ስትሄጂ የለመንሽኝ አንድ ነገር ብቻ መሆኑን አልረሳሁም። በቤቱና በወርክሾፑ መካከል፣ በግቢው ሲሚንቶ ላይ፣ ቀይ መስመር ቀብቻለሁ። ከመስመሩ ወዲያ ራዲያተሩ፣ አሲዱ፣ እሳቱና እኔ አለን፤ ከመስመሩ ወዲህ እሷ አለች። ኳሷ ተንከባልላ ስትገባብኝ እንኳ መስመሩ ላይ ቆማ «አጎቴ፣ ኳሴን!» ብላ ትጣራለች እንጂ የእግሯን አውራ ጣት አታሳልፍም። እኔም ወደ ቤት ስገባ የሥራ ልብሴን በር ላይ አውልቄ፣ እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና ፈትጌ ነው። ሚስት ባገባ ኖሮ እንዲህ አልታጠብም ነበር።

ሆዷን አንዳንዴ ቆረጠኝ ትላለች። የልጅ ሆድ ነው፣ አታካብጂው።

ይልቅ ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። የእናታችን የመዳብ ማንቆርቆሪያ፣ ቂጧ ተበስቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠችው፣ ድናለች። ቀዳዳዋን ደፈንኩ፣ ጡቷን አቃናሁ፣ ውስጧንም መዳቡ አረንጓዴ ዝገት እንዳያወጣ ዙሪያውን አዲስ ልባስ አለበስኳት። መስታወት መስላለች። ጭራሮ «የእኔ ናት» ብላ ወርሳታለች።

ወንድምሽ ጠጋኙ


ጥቅምት 27

ለወንድም ጋሼ፣

ስለ ስድቡ ይቅርታ። እዚህ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከአፈር ጋር ነው፤ አፈር መልስ ስለማይሰጥ ይሆናል ሰው ላይ የምጮኸው። ቤተ ሙከራ ብዬ ያወራሁልህ አንድ የብረት ኮንቴይነር ነው፤ ውስጡ ሚዛን፣ ማድረቂያ ምድጃና እኔ። ከመንገዱ ላይ የተቆፈረውን አፈር እርጥቡን እመዝናለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ ደረቁን እመዝናለሁ። የጎደለው ውሃ ነው። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ምን ይሠራሉ ብሎ ለሚጠይቅህ ሰው ግን ከበድ አድርገህ ንገርልኝ።

መቼ ትመጣለች ብለህ እንደሆነ፣ ኮንትራቴ እስከ ሰኔ ነው። ካምፑ ልጅ አያስገባም፤ ደግሜ ጠይቄያለሁ። አባቷ ካረፈ ወዲህ ከአንተ ሌላ የምተዋት ሰው እንደሌለኝ ታውቃለህ። አንተ ጋ ስላለች ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

አንድ ጥያቄዬን ግን ዘለልከው። መምህሯ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች ብላ ነበር፤ አሁንስ? የሆዷን ነገር የካምፑን ነርስ አማከርኳት። ድርቀት ነው የሚመስለው፣ ውሃ አትጠጣም ማለት ነው አለችኝ። ስለዚህ ውሃ አፍልተህ፣ ሎሚ ጠብ አድርገህ፣ በቀን ሦስት ኩባያ አጠጣት። እምቢ ብትልህም እናትሽ ብላለች በላት።

ማንቆርቆሪያዋን ስላዳንክልኝ እጅህ ይባረክ። ደብዳቤህን ሳነብ አለቀስኩ። ውሃውን በእሷ አፍላላት፤ እናታችን ራሷ የቀዳችላት ያህል ይሰማኛል።

እህትህ


ኅዳር 15

ለሚዛኗ፣

ትእዛዝሽ ተፈጽሟል። ጠዋት ማንቆርቆሪያዋን ሞልቼ አፈላለሁ፣ አንድ ሙሉ ሎሚ እዚያው ውስጥ ጨምቄ እከድነዋለሁ። አንዱን ኩባያ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት፣ ሁለተኛውን ለምሳ ስትመጣ፣ ሦስተኛውን አመሻሽ ላይ። መጀመሪያ ላይ አይጎዳሽም ብላትም ፊቷን አጨማድዳ ነበር። እናትሽ ብላለች ስላት ግን እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ጨለጠችው። አሁንማ ብረሳ እሷው ታስታውሰኛለች።

የመምህሯን ጥያቄ የዘለልኩት ረስቼው ነው። ታንቀላፋለች፤ አልፎ አልፎ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ግን በጥሞና አንብቢው እንጂ ተነስተሽ አትጩሂ። ትምህርት ቤቱ የጤና ሠራተኞች መጥተው ጋራዥና ወርክሾፕ አጠገብ የሚኖሩትን ልጆች ሁሉ ደም ወሰዱ። የእሷንም ወሰዱ። ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። የሚጻፍበት እርሳስ አይደለም፣ እኔ የማቀልጠው ብረት ነው። ትንሽ ነው ብለዋል፤ ዝቅተኛ ነው የሚለውን ቃል ሐኪሟ ሁለት ጊዜ ነው የተናገረችው። ለክትትል ቀጠሮ ሰጥተውናል። ቁጥሩን እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ ወረቀቱን የት እንዳኖርኩት ጠፍቶኛል፣ ሳገኘው እጽፍልሻለሁ።

ጭራሮ እኔም ልጻፍ ብላ ወጥራ ይዛኛለች። ከታች ያለው የእሷ ነው። ምስጢር ነው ብላ በእጇ ጋርዳ ነው የጻፈችው፣ እኔም አላየሁት።

ጠጋኙ

እማዬ እንዴት ነሽ እኔ ደህና ነኝ። ደም ሲወስዱኝ አላለቀስኩም። ሽንቴንም በብልቃጥ ሰጠሁ። ሐኪሟ ኩላሊት ማለት ማጥለያ ነው አለች። የእኔ ትንሽ ያፈሳል። እንደ ራዲያተር ነው ወይ ስላት ሳቀች። አጎቴ ግን አልሳቀም። ለእናትሽ እኔ ነኝ የምነግራት ብሎኛል። መስመሩን አላልፍም። ውሃዬን ሁሉ እጠጣለሁ። ጭራሮ ነኝ።


ኅዳር 30

ወንድም ጋሼ፣

ወረቀቱ አልጠፋብህም። አንድ ብሎን የት እንዳለ ከሃያ ዓመት በኋላ የምትናገር ሰው ነህ።

ነገሩን የሰማሁት ከሰባት ዓመት ልጅ ነው። ኩላሊቷ ያፈሳል የሚል ደብዳቤ ኮንቴይነር ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አነበብኩ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የመዘንኩትን ሁሉ ተሳስቼ እንደገና መዘንኩ። እንዳልደነግጥ ብለህ ይሆናል። አሁን ግን ከድንጋጤ የከፋ ነገር ውስጥ ነው ያለሁት፤ የማላውቀውን ነገር እያሰብኩ ነው። የደሟን ቁጥር ጻፍልኝ። የሽንቷን ውጤት ጻፍልኝ። ሐኪሟ ያለችውን አንዲት ቃል ሳታስቀር ጻፍልኝ። ቀልዱን ለሌላ ቀን አቆየው።

እህትህ


ታኅሣሥ 16

ለእህቴ፣

ዘጠኝ።

ወረቀቱ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከእናታችን ፎቶ ሥር ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። የፈራሁት አንቺን ነው፤ ከአንቺ ይልቅ ደግሞ እኔን። ቁጥሩን ከጻፍኩልሽ እውነት የሚሆን መስሎኝ ነበር።

ሐኪሟ ያለችው ይህን ነው። ዘጠኝ ዝቅተኛ ነው፤ ሰው የሚጥል፣ ሆስፒታል የሚያስተኛ አይደለም። ግን ለልጅ ደህና ነው የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም አለችኝ። ትንሽ በትንሽ ሲገባ ኩላሊት ሳይጮህ ነው የሚጎዳው። ልጅቷ አያማትም፣ ትሮጣለች፣ ትስቃለች። ሽንቷ ውስጥ መኖር የሌለበት ፕሮቲን ትንሽ ተገኝቷል። የደም ግፊቷም ለዕድሜዋ ትንሽ ከፍ ብሏል። ይህ ከእርሳሱ ይሁን ከሌላ አፏን ሞልታ መናገር እንደማትችል ነገረችኝ። ስታድግስ ምን ትሆናለች ብዬ ጠየቅኳት። ምናልባት ምንም፣ ምናልባት በሠላሳ ዓመቷ የደከመ ኩላሊት፤ «አላውቅም» አለችኝ። ሐኪም አላውቅም ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። መድኃኒት የለውም ወይ አልኳት። በዚህ ቁጥር መርፌም ክኒንም አይሰጥም፣ መድኃኒቱ የሚገባበትን አግኝቶ መዝጋት ነው አለችኝ።

የሚገባበትን ለማግኘት ሁለት ሠራተኞች መጡ። በእርጥብ ወረቀት የቤቱን ወለል፣ የመስኮቱን ደፍ፣ አልጋዋን፣ ጫማዬን፣ የእኔን መዳፍ ሳይቀር ጠራርገው ወሰዱ። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ብዙ እርሳስ አለበት፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ከመስመሩ ወዲህ ግን እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላገኙም። መስመርህ ጥሩ ሠርቷል አሉኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅኩም።

ቢሆንም ወርክሾፑን ዘጋሁት። ራዲያተሮቹን፣ የመፈተሻ በርሜሉን፣ መበየጃውን ሁሉ ጭኜ ከተማው ዳር ያለ ጓደኛዬ ግቢ ወሰድኩ። ግቢውን አራት ቀን አጠብኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሠራበት እንዲህ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አሁን የምውለው ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ፣ አመጣታለሁ፣ ውሃዋን አጠጣታለሁ።

የአንተንም ደም ልይልህ አለችኝ ሐኪሟ። ለእኔ አትድከሚ አልኳት።

ወንድምሽ


ጥር 8

ለእህቴ፣

መልስሽ ሳይደርሰኝ ሁለተኛ መጻፌ ነው። ከእንግዲህ አልደብቅሽም ብዬ ለራሴ ስለማልኩ ነው።

ትናንት እንደገና ደም ሰጠች። አሥራ አራት።

እኔ አላመንኩም፣ ሐኪሟም አላመነችም፤ ደግማ ወሰደች። አሥራ አራት ነው። ወርክሾፑን ዘግቼ፣ ግቢውን ሙልጭ አድርጌ አጥቤ፣ ቤት ውዬ፣ ቁጥሩ እንዴት ይጨምራል? ሐኪሟ የምትበላውን ሁሉ ጠየቀችኝ፤ ዝርዝሩን ነገርኳት። አሻንጉሊቷን፣ የግድግዳውን ቀለም፣ የቧንቧውን ውሃ ጠየቀችኝ። የቧንቧውን ውሃ አስመረመርኩት፣ ንጹሕ ነው። እኔ የማስበው ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ከሰውነቴ ነው የሚወጣው እላለሁ። ሠላሳ ዓመት የገባብኝ በላብ እየወጣ፣ ስስማት እየነካት ይመስለኛል። ሐኪሟ እንዲህ አይደለም ብትለኝም መሳሙን ትቻለሁ። ጭራሮ ለምን እንደተኳረፍን አልገባትም።

የቻልኩትን እያደረግኩ ነው። ኩላሊቷን ያጥብላት ብዬ አራተኛ ኩባያ ጨምሬላታለሁ፤ ሎሚውንም ሁለት አድርጌዋለሁ። አንድም ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም።

ወንድምሽ


ጥር 19

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ አንድ ላይ ደረሱኝ። ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኳቸው።

ጭሱ ቀንሷል። አቧራው ቀንሷል። የሥራ ልብሱም መሣሪያውም ከግቢው ወጥቷል። ከኅዳር ወዲህ በቤቱ ውስጥ የጨመረ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ውሃው። የቧንቧው ውሃ ንጹሕ ከሆነ፣ ከቧንቧው በኋላ የሚገባበትን ነው ማየት። እኛ እዚህ በብየዳ የተያያዘ ዕቃ ውስጥ የውሃ ናሙና አናስቀምጥም፤ ብየዳው ውጤቱን ያበላሻል። ይህን አውቃለሁ። የሙያዬ ሀ ሁ ነው፤ ግን ለልጄ ሲሆን አልመጣልኝም።

የእናታችንን ማንቆርቆሪያ ውስጧን በምን ነው የለበጧት?

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ በእሷ ውሃ መስጠት ያቁሙ። ለሐኪሟ ይንገሯት። ማንቆርቆሪያዋን ሳያጥቡ ጠቅልለው ለሾፌሩ ይስጡልኝ። እንዳይዘገይ በአምላክ ስም ለምኜዋለሁ።

እህትዎ


ጥር 26

ለእህቴ፣

ሾፌሩ ሳይዘገይ የመጣው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ደብዳቤሽን ቆሜ አንብቤ ሳልጨርስ ማንቆርቆሪያዋን ከምድጃው አነሳሁ። ውሃ ነበረባት፤ ደፋሁት። ጭራሮ «ሦስተኛዬ ነው እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ።

አንቱ ብለሽ ጻፍሽልኝ። በልጅነትሽ እንኳ አንቱ ብለሽኝ አታውቂም። በዱላ ብትመቺኝ ይሻለኝ ነበር፤ ግን አይገባኝም አልልም።

በስታኞ ነው የለበጥኳት። ራዲያተር የምደፍንበት፣ ከግማሽ በላዩ እርሳስ የሆነው። መዳብ ራቁቱን ከሆነ ዝገቱ ሰው ይመርዛል ብሎ ያስተማረኝ መምህሬ ነው። የሚበላበትና የሚጠጣበት ዕቃ እርሳስ በሌለበት ንጹሕ ቆርቆሮ ይለበጣል፤ ይህንንም አስተምሮኛል። የንጹሕ ቆርቆሮ ዘንግ አልቆብኝ ነበር። ሁለቱም ሲቀልጡ አንድ ዓይነት ያበራሉ፣ እኔም ባለኝ ሠራሁ። መጀመሪያ ስስ ሆነብኝ። ልጅ የምትጠጣበት ነው ብዬ ደግሜ ደረብኩበት፣ ወፍራም አድርጌ።

እንዴት አላሰብክም ትይኛለሽ። እኔም ሌላ ሥራ የለኝም፣ ይህንኑ ነው ስጠይቅ የምውለው። እርሳስ ለእኔ ጭስ ነበር፣ አቧራ ነበር፣ ከመስመሩ ወዲያ ያለ ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት በገዛ እጄ ቀድቼ፣ እስክትጨርስ ፊቷ ቆሜ፣ ጎበዝ እያልኩ ማጠጣቴን አላየሁትም።

ለሐኪሟ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ሌላው ቢቀር ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

ልጅሽን ልትወስጃት ከፈለግሽ ልብሷን አጥቤ አዘጋጅቼዋለሁ። ሰው ጋ ልታስቀምጫት ካሰብሽም አልከራከርሽም። ብቻ አጎቷ አልፈለጋትም እንዳይመስላት፣ ምክንያቱን አንቺው ንገሪያት።

ወንድምሽ


የካቲት 17

ለወንድም ጋሼ፣

አንቱ ያልኩህን ደብዳቤ ቅደደው። ከዚያ በፊት ግን ይህን አንብብ።

ማንቆርቆሪያዋ ደርሳኛለች። እዚህ ያለው ሚዛን አፈር እንጂ እርሳስ አያውቅም፤ ስለዚህ ወደ ዋናው ቤተ ሙከራ ላክኋት። ሁለት ዓይነት ፈተና እንዲሠሩልኝ ለመንኳቸው። አንዱን ቀን ውሃ ብቻ አፍልተው እስከ ማታ ተዉት። ሌላውን ቀን እንዳንተው ሎሚ ጨምቀው ከድነው ተዉት። ውጤቱ ዛሬ ደረሰኝ።

ውሃ ብቻ ሲሆን እርሳስ ይወጣል። ሎሚ ሲገባበት ግን የሚወጣው ብዙ እጥፍ ነው። ሎሚው ልባሱን ይበላዋል፤ ሲቆይ ደግሞ ይብሳል።

ሎሚውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በቀን ሦስት ኩባያ ያልኩት እኔ ነኝ። በእሷ አፍላላት ያልኩትም እኔ ነኝ፤ እጅህ ይባረክ ብዬ መርቄህ። ያ ደብዳቤዬ አንተ ጋ አለ፣ አውጥተህ እየው። አንተ ዕቃውን ሠራህ፣ እኔ የሚሞላበትን አዘዝኩ፤ ልጄ ደግሞ ሁለታችንንም አምና ጠጣች። ነርሷ የነገረችኝ ውሃና ሎሚ ነው፣ ጥፋት የለባትም። ምን ውስጥ እንደሚፈላ መጠየቅ የእኔ ፋንታ ነበር። ሙያዬ ነው።

ልጄን ሰው ጋ አልወስዳትም። ልብሷን ወደ ቦታው መልሰው። ቀድመው እንዲለቁኝ ጠይቄያለሁ፣ ለሚያዝያ መጨረሻ እሺ ብለውኛል። እስከዚያ ከአንተ ጋር ትሁን። መሳሙንም አታቋርጥባት፤ ሐኪሟ ነግራሃለች፣ እኔም እልሃለሁ፣ ከሰው ላብ አይደለም።

የአንተንም ደም ይዩልህ። ይህ ልመና አይደለም።

ስለ እሷ የምጠይቅህ ብዙ ነበረኝ። አሁን ግን አንዱን ብቻ መልስልኝ፤ ማንቆርቆሪያዋን ትጠይቃለች? ምን አልካት?

እህትህ


መጋቢት 7

ለሚዛኗ እህቴ፣

ደብዳቤውን አልቀደድኩትም። አንቱ የተባልኩበት ብቸኛው ወረቀት ነው፤ ለክብሬ አስቀምጬዋለሁ።

ቁጥሯ አሥራ አንድ ሆኗል። ወረደ ብዬ ስጨፍር ሐኪሟ አስቀመጠችኝ። ከደሟ እየወጣ ነው፣ አጥንቷ ውስጥ የገባው ግን ብዙ ዓመት ይቀመጣል፣ በትንሽ በትንሹ እየተመለሰ ይወጣል አለችኝ። የሽንቷ ፕሮቲን እንዳለ ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። በየሦስት ወሩ እያየናት እንቀጥላለን፣ እስክታድግ። ስንት ዓመት ማለት ነው ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ፣ እጄ አልበቃኝም። የእኔንም ደም አይተዋል። ቁጥሩን ስትመጪ እነግርሻለሁ፤ አሁን የእኔ ነገር አይደለም የሚያስጨንቀኝ።

ማንቆርቆሪያዋን ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ ባልነግራት በሌላ ደብዳቤ ታወጣብኝ ነበር። እኔ ተሳስቼ መጥፎ ነገር ቀባሁባት፣ ውሃው ውስጥ ገባ፣ አንቺም ጠጣሽው አልኳት። ከዚያ «ታዲያ ሁሉን ባልጠጣው ይሻል ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አሁን ውሃ ስቀዳላት ኩባያውን ዓይኗ ሥር አቅርባ ውስጡን ታያለች። አዲስ የመስታወት ብርጭቆ ገዝቼላታለሁ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ። አሁንም ታያለች።

ሌላው ነገር፣ ግቢው ባዶ ከሆነ ወዲህ ቀዩ መስመር ዓይኔን ይወጋኝ ጀመር። የጤና ሠራተኞቹ መጥተው ወለሉን ደግመው መረመሩት፣ ንጹሕ ነው፣ ልጅ ይጫወትበት አሉ። እነሱ ሲወጡ ቀለሙን ሙሉ ቀን በእርጥብ ሽቦ ብሩሽ ፍቄ አወጣሁት። ምልክቱ እንኳ አይታይም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በይ ግቢው ሁሉ ያንቺ ነው፣ እንደ ልብሽ ሩጪ አልኳት። ኳሷን መትታ ሮጠች። ኳሷ አለፈች፣ እሷ ግን መስመሩ የነበረበት ቦታ ላይ ቆመች። ልክ እዚያው ላይ፣ በሜትር የለካችው ይመስል።

«እለፊ እንጂ» አልኳት።

«እማዬ ትፍቀድ» አለችኝ።

«እኔ ፈቅጃለሁ፣ አሁን አይጎዳሽም።»

«ማንቆርቆሪያዋም አትጎዳሽም ብለኸኝ ነበር እኮ» አለች። ሳትቆጣ ነው ያለችው። እኔን ለማሳዘንም አልነበረም፤ እንዲያው ያወቀችውን ነው የነገረችኝ።

ቅስሜ ተሰበረ፣ እህቴ። ይህች ልጅ እኮ ያልናትን ሁሉ ነው ያደረገችው። አትለፊ አልናት፣ አላለፈችም። ጠጪ አልናት፣ አንዲት ጠብታ አላስቀረችም። አንድ ቀን እንኳ እንደ ልጅ አምጻ ቢሆን ኖሮ፣ ውሃውን አበባ ላይ ደፍታብኝ ቢሆን ኖሮ!

ስለዚህ አንድ ነገር ለምኜሻለሁ። በሚመጣው መኪና ለእሷ ብቻ ጻፊላት፣ በራስሽ እጅ፣ በትልልቅ ፊደል። ማለፍ ትችያለሽ በያት። እስከዚያው ኳሷ ባለፈች ቁጥር እያነሳሁ የማቀብላት እኔ ነኝ።

ወንድምሽ